ታትቫ ቦዳ፦ ሥጋና ነፍስ ከተለዩ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ

ታትቫ ቦዳ የሕንድን አድቫይታ ቬዳንታ መማር የሚጀምር ሰው ገና ከመነሻው የሚይዛት አነስተኛ የሳንስክሪት መጽሐፍ ናት። ስሟ «የእውነታው ዕውቀት» እንደ ማለት ነው። አድቫይታ የነገር ሁሉ መሠረት አንድ ብቻ እንደ ሆነ፣ ሁለተኛ እንደሌለው፣ የሰውም እውነተኛ ማንነት ከዚያ መሠረት የተለየ እንዳልሆነ ያስተምራል። መጽሐፏ ይህን ትልቅ ነገር ይዛ አትንዛዛም። ከመግቢያው የምስጋና ቃል በኋላ በስድ ንባብ ትጠይቃለች፣ ባጭሩ ትመልሳለች፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። አካል ምን እንደ ሆነ፣ ሕልም ምን እንደ ሆነ፣ ነጻ የወጣ ሰው ምን ዓይነት እንደ ሆነ እየጠየቀች ለእያንዳንዱ ልኩን የጠበቀ ፍቺ ትሰጣለች። የለመደ ሰው በአንድ ቁጭታ ያነባታል፤ መምህራን ግን ወራት ያስተምሩባታል።

ትውፊት መጽሐፏን ለአዲ ሻንካራ ይሰጣል። ሻንካራ በደቡብ ሕንድ፣ በዛሬው የኬረላ ግዛት፣ በካላዲ መንደር ተወልዶ በ8ኛው መቶ ዘመን ገደማ የኖረ መነኩሴና ሊቅ ነው። የቬዳንታ መሠረት በሆኑት መጻሕፍት፣ በኡፓኒሻዶች፣ በብራህማ ሱትራና በባጋቫድ ጊታ ላይ ትርጓሜ ጽፏል፤ በ32 ዓመቱ እንዳረፈም ይነገራል። ይሁን እንጂ የታትቫ ቦዳ መግቢያ የሚያመሰግነው መምህር ቫሱዴቬንድራ ይባላል፤ የሻንካራ መምህር ግን ጎቪንዳ ነበር። በዚህ የተነሣ መጽሐፏን የጻፋት ከሻንካራ ዘመን በኋላ የመጣ የትምህርቱ ተከታይ ነው የሚለው ግምት ያመዝናል። በኢትዮጵያም የኋላ ዘመን ድርሰት በቀደመ አባት ስም መጠራቱ እንግዳ ነገር አይደለምና አንባቢ በዚህ ብዙ ሊደነቅ አይገባውም። የትምህርቱ ይዘት ያው የሻንካራ ነው።

የሕንድ ጥበብ በግእዝ ብራና ላይ

ሕንዳዊ የራስ ፍለጋ ታሪክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ዛሬ አይደለም። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ እንባቆም እ.ኤ.አ. በ1553 «በርለዓም ወየዋስፍ» የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱት። እንባቆም ራሳቸው ከየመን የመጡ፣ እስልምናን ትተው ክርስትናን የተቀበሉ፣ ገዳም ገብተው እስከ እጨጌነት የደረሱ ሰው ናቸው። የተረጐሙት ታሪክ የሕንድ ንጉሥ ልጅ የሆነው የዋስፍ በቤተ መንግሥት ተዘግቶ ሕመምንና ሞትን ሳያይ እንዴት እንዳደገ፣ በኋላ ግን ይህን ሁሉ አይቶ እንዴት እንደ ደነገጠ፣ በርለዓም የተባለ ባሕታዊም እንዴት እንዳስተማረው ይተርካል። ሊቃውንት ምንጩን ሲከተሉ የደረሱት ቡድሃ ዘንድ ነው፤ የዋስፍ የሚለው ስም ሳይቀር ከቦዲሳትቫ የተገኘ ነው። ታሪኩ ከሕንድ ተነሥቶ ፋርስን፣ ዐረቡን፣ ጆርጂያንና ግሪክን ዞሮ ክርስቲያን ሆኖ ደብረ ሊባኖስ ደረሰ።

ይህ ግን የቡድሃ ወገን እንጂ የቬዳንታ ወገን አይደለም፤ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ቡድሂዝም ሰው ውስጡን ሲፈትሽ ጸንቶ የሚኖር «እኔ» አያገኝም ይላል። ቬዳንታ ደግሞ የሚጠፋው ሁሉ ከተለየ በኋላ የማይጠፋ «እኔ» ይቀራል ይላል። ሁለቱ ለዘመናት የተከራከሩት በዚሁ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመንም፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በርካታ ሕንዳውያን መምህራን በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ አስተምረዋል፤ ብዙዎቹ የመጡት ከሻንካራ የትውልድ አገር ከኬረላ ቢሆንም ከእነርሱ ውስጥ ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነው የቅዱስ ቶማስን ክርስትና የሚከተሉ ነበሩ። ስለዚህ የአንድ ትውልድ ኢትዮጵያዊ ከኬረላ ሰው አልጀብራ ተማረ እንጂ ቬዳንታ አልተማረም።

መስመሩ የሚያልፍበት ቦታ

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ታትቫ ቦዳን የሚያከብዷት ባዕድ ስሞቿ አይደሉም። ስሞች ይለመዳሉ። የሚያከብዳት ሰውን የምትከፍልበት መስመር እርሱ ከለመደው ቦታ ላይ አለመሆኑ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሰው ሰባት ባሕርያት አሉት፤ አራቱ የሥጋ፣ ሦስቱ የነፍስ። የሥጋዎቹ እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃና መሬት ናቸው። የነፍስ ደግሞ ልባዊነት፣ ነባቢነትና ሕያውነት ይባላሉ፤ ማሰብ፣ መናገርና በሕይወት መኖር ማለት ነው። መስመሩ ሥጋንና ነፍስን ይለያል፣ አሳቡም ከነፍስ ወገን ይቆማል። በራያ ቆላ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በጎብዬና በዙሪያዋ፣ የቄስ ተማሪውም የቁርኣን ደረሳውም በየበኩላቸው ከዚህ የሚቀራረብ ነገር ሰምተው ያድጋሉ። ሙስሊሙ ሩሕ ይላል፤ ሰውን ወደ ክፉ የምትጎትተውን ደግሞ ነፍሲያ ብሎ ይጠራታል፣ ሊገራትም ይታገላታል።

ታትቫ ቦዳ መስመሩን ከዚህ አርቃ ታሰምራለች። ሥጋ ብቻ ሳይሆን ስሜትም፣ አሳብም፣ አስተዋይነትም፣ «እኔ ነኝ ያደረግሁት» የሚለው እኔነትም ሁሉ ከወዲያኛው ወገን፣ ከአካል ወገን ይቆጠራሉ። በዚህኛው ወገን የሚቀረው እነዚህን ሁሉ የሚያውቀው ብቻ ነው። እርሱን አትማን ትለዋለች። ይህን ነጥብ ሳይዝ ገጾቿን የሚገልጥ ሰው አትማንን «ነፍስ» ብሎ ይተረጉምና ከዚያ በኋላ የሚያነበው ሁሉ ይምታታበታል።

ከትምህርቱ በፊት የሚጠየቀው

መጽሐፏ ስለ አትማን ከመናገሯ በፊት ለማን እንደምትናገር ታስታውቃለች። አራት ነገር ያሟላ ተማሪ ትፈልጋለች።

የመጀመሪያው ቋሚውን ከአላፊው መለየት ነው። ሁለተኛው በዚህ ዓለምም ሆነ በወዲያኛው ዓለም ለሚገኝ ደስታ አለመጎምጀት ነው። እዚህ ላይ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አለ፤ የሰማይ ቤት ተድላም ከሚተዉት ነገሮች ይቆጠራል። በአድቫይታ አስተሳሰብ ሰማይ መልካም ሥራ ያስገኘው ስፍራ ነው፣ በሥራ የተገኘ ነገር ደግሞ የሥራው ዋጋ ሲያልቅ ያልቃል። ስለዚህ ዓለምን ንቆ ለሰማይ ዋጋ የሚጾም ሰው በዚህ ሚዛን ገና ነጋዴ ነው።

ሦስተኛው ስድስት ነገሮችን የያዘ ነው፦ አሳብን መግራት፣ ስሜት ሕዋሳትን መግዛት፣ ብርድና ሙቀትን፣ ደስታና ሐዘንን መቻል፣ በመምህሩና በትምህርቱ ቃል መታመን፣ ልብን በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍ፤ ስድስተኛው ኡፓራማ ይባላል። ሌሎች የቬዳንታ መጻሕፍት ኡፓራማን ከሥራ መመለስ፣ ከዓለም መለየት አድርገው ይፈቱታል። ታትቫ ቦዳ ግን የራስን ግዴታ መፈጸም ብላ ትፈታዋለች። ልዩነቱ በተግባር ትልቅ ነው። በመጀመሪያው ፍቺ ትምህርቱ የመነኮሳት ብቻ ይሆናል። በሁለተኛው ግን ልጅ ለምታሳድግ እናት፣ እርሻ ላለው ገበሬ፣ ቢሮ ለሚገባ ሠራተኛ ሁሉ ደጁ ክፍት ነው፤ እንዲያውም ግዴታውን ጥሎ «እኔ መንፈሳዊ ሰው ነኝ» የሚል መስፈርቱን አላሟላም።

አራተኛው ነጻ የመውጣት ጽኑ ፍላጎት ነው።

በዘመኑ ገበያ ላይ ያሉ ብዙ የራስ ማሻሻያ መጻሕፍት ይህን የአራት ነገር ዝርዝር ዘለው ወደ «አንተ ወሰን የለህም» ዓይነት ቃል ይሮጣሉ። ታትቫ ቦዳ ከእነርሱ የምትለየው እዚህ ላይ ነው። ያልተገራ ሰው ወሰን እንደሌለው ሲነገረው የሚያብጠው እኔነቱ ነው፤ ትምህርቱ ደግሞ የመጣው እኔነቱን ሊያሳጣው ነው።

ሦስት አካላት

አሁን ትምህርቱ ይጀምራል። አትማን ምን እንደ ሆነ ለመናገር መጀመሪያ ምን እንዳልሆነ መናገር ያስፈልጋል፤ መጽሐፏም ሦስት አካላትን ትቆጥራለች።

ግዙፉ አካል የሚታየውና የሚዳሰሰው ነው። ከአምስቱ የተፈጥሮ ንጥረ ነገሮች ተሠርቷል፤ ለኢትዮጵያዊው ከሚታወቁት ከአራቱ በተጨማሪ አምስተኛው ጠፈር ነው። ይህ አካል ስድስት ለውጦች ያልፉበታል፦ ይኖራል፣ ይወለዳል፣ ያድጋል፣ ይለወጣል፣ ያረጃል፣ ይሞታል። ደስታና መከራ የሚቀመሱበት ቤት ነው።

ረቂቁ አካል አሥራ ሰባት ክፍሎች አሉት። አምስቱ የማወቂያ ሕዋሳት ናቸው፤ ጆሮ፣ ቆዳ፣ ዓይን፣ ምላስና አፍንጫ፤ የሥጋው ብልት ሳይሆን በውስጡ ያለው የመስማትና የማየት ኃይል ማለት ነው። አምስቱ የሥራ ሕዋሳት ናቸው፤ መናገር፣ መያዝ፣ መሄድ፣ ማስወገድና መውለድ። አምስቱ የሕይወት እስትንፋሶች ናቸው። የቀሩት ሁለቱ የሚዋልለው አሳብና የሚወስነው አእምሮ ናቸው። አንባቢው ከላይ የተነገረውን መስመር የሚያገኘው እዚህ ነው፤ አእምሮ ራሱ ከዓይንና ከእግር ጋር በአንድ ዝርዝር ውስጥ ተቆጥሯል። ረቂቅ ነው እንጂ ቁስ ነው።

ሦስተኛው የምክንያት አካል ይባላል፤ መጀመሪያ የሌለው፣ እንዲህ ነው ተብሎ የማይገለጽ አለማወቅ ነው። ሁለቱ አካላት የሚበቅሉት ከእርሱ ነው።

እነዚህ ሦስቱ ከሦስት ሁኔታዎች ጋር ይሄዳሉ። በንቃት ጊዜ ሰው በግዙፉ አካል ዓለምን ይገናኛል። በሕልም ጊዜ ነቅቶ ያየውና የሰማው ያሳደረበት አሻራ ዓለም ሆኖ ይታየዋል። ሕልም በሌለበት ከባድ እንቅልፍ ደግሞ ምንም አያውቅም፤ ሲነቃ ግን ደኅና መተኛቱንና ምንም አለማወቁን ይናገራል። የአድቫይታ መምህራን በዚህ ሦስተኛው ላይ ብዙ ይቆያሉ። አሳብ ቆሞ፣ ዓለም ጠፍቶ፣ እኔነትም ተሰውሮ ሳለ የዚያን ባዶነት ምስክር የሆነ ነገር ከሌለ ሰው ሲነቃ ስለ እንቅልፉ በምን ያወራል? ነቅቶ ባሰበው ግምት ነው የሚል ተቃዋሚ ሊነሣ ይችላል፤ ሕንዳውያን ፈላስፎችም ይህን ተቃውሞ አንሥተው ተሟግተዋል። አድቫይታ ግን የሦስቱ ሁኔታዎች ተመልካች አንድ ነው፣ እርሱም አትማን ነው ብሎ ይጸናል።

አምስቱ አፎቶች

ቀጥሎ ያው ሰው በሌላ መንገድ ይከፈላል። ሰይፍ በአፎት እንደሚሸፈን አትማን በአምስት አፎቶች ተሸፍኗል ይባላል። ይህ አከፋፈል የመጣው ከታይቲሪያ ኡፓኒሻድ ነው።

የውጭኛው የምግብ አፎት ነው። ከምግብ ይወለዳል፣ በምግብ ያድጋል፣ መልሶም ምግብ ወደምታበቅለው ምድር ይገባል። ይህ ለራያ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። በጎብዬና በቆቦ ሜዳ የሰው ሥጋ ማለት ባብዛኛው ማሽላ ነው፤ ዝናብ ሲቀር ወይም አቀንጭራ የማሽላውን ሥር ሲጠባው ቀድሞ የሚከሳው ይኸው አፎት ነው። አቀንጭራን እንዲቋቋሙ በእነ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ምርምር ከወጡት የማሽላ ዝርያዎች አንዱ «ጎብዬ» የሚል ስም አለው።  የምግብ አፎት አትማን አይደለም ማለት እንግዲህ አይረባም ማለት አይደለም፤ ያለ እርሱ ትምህርቱን የሚሰማ ጆሮ እንኳ የለም።

ከእርሱ በስተ ውስጥ የእስትንፋስ አፎት፣ የአሳብ አፎትና የማስተዋል አፎት አሉ። የመጨረሻው የደስታ አፎት ነው። ብዙ ጀማሪ ወደ ውስጥ ሲገባ እዚህ ደርሶ ደስ ሲለው የደረሰ ይመስለዋል። መጽሐፏ ግን ይህንንም ከአፎቶቹ ትቆጥረዋለች፤ የሚመጣና የሚሄድ ደስታ፣ በጸሎትም ሆነ በተመስጦ ይምጣ፣ የሚያውቀው አለና የመጨረሻው አይደለም። በዚህ ርዕስ ውስጥ ለተግባር የምትጠቅመው ማስጠንቀቂያ ምናልባት ይህቺው ናት።

ከዚህ በኋላ መጽሐፏ አንድ ማስረጃ ታቀርባለች። ሰው አምባሬ፣ ጉትቻዬ፣ ቤቴ ሲል እነዚህ ከእርሱ ሌላ መሆናቸውን ያውቃል፤ ሰውነቴ፣ እስትንፋሴ፣ አሳቤ፣ አእምሮዬ ሲልም እነዚህ ከእርሱ ሌላ መሆን አለባቸው። ማስረጃው ለጀማሪ ደስ ይላል፣ ብቻውን ግን አይጸናም፤ ሰው «ራሴ»ም ይላልና በአነጋገር ብቻ መሄድ መጨረሻ የለውም። ጥንካሬው ያለው ከሥሩ ባለው ነገር ነው፤ የሚታወቅ ነገርና የሚያውቀው አንድ ሊሆኑ አይችሉም የሚለው። ቁጣ ሲመጣ ይታወቃል፣ ሲሄድም ይታወቃል፤ ስለዚህ የሚያውቀው ቁጣው አይደለም። መጠራጠርም፣ መወሰንም፣ መርሳትም እንዲሁ ናቸው።

አትማን ምን እንደ ሆነ ሲነገር ሦስት ነገር ብቻ ይባላል፦ ህልውና፣ ንቃተ ማወቅ፣ ደስታ። በሦስቱም ጊዜ፣ በኃላፊ፣ በአሁንና በመጪ ያለ ነው፤ በባሕርዩ የሚያውቅ ነው፤ ጉድለት የሌለበት ስለሆነም ደስታ ነው። ይህ ደስታ ከአምስተኛው አፎት ደስታ የሚለየው የሚያስገኘው ምክንያት ስለሌለው ነው።

ዓለም እንዴት ታየ

የዓለም አመጣጥ ክፍል ረጅም ነው፤ የዛሬ አንባቢ ግን ፍጥነት ጨምሮ ሊያልፈው ይችላል። ብራህማን ከሚባለው አንዱ እውነታ ጋር ማያ የሚባል ኃይል አለ፤ ሦስት ባሕርያት አሉት፦ ጥራት፣ ትጋትና ድንዛዜ። ከእርሱ ጠፈር ወጣ፣ ከጠፈር ነፋስ፣ ከነፋስ እሳት፣ ከእሳት ውሃ፣ ከውሃ መሬት። ከጥራታቸው የማወቂያ ሕዋሳትና አእምሮ ተገኙ፣ ከትጋታቸው የሥራ ሕዋሳትና እስትንፋሶች፣ ከድንዛዜያቸው ደግሞ ግዙፉ ዓለም። ግዙፉ ሲሠራ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ግማሽ እንዳለ ይቀመጣል፣ ሌላው ለአራት ተከፍሎ ለቀሩት አራቱ ይታደላል። ስለዚህ ዓይን የሚያየው መሬት ግማሹ መሬት ነው፤ ሌላው ግማሽ ከአራቱ አንድ አንድ ስምንተኛ ነው። ይህ የጥንት ሰው የተፈጥሮ ሳይንስ ነው፣ እንደዚያው መነበብ አለበት። የተቀመጠበት ምክንያት ግን አንድ ነው፤ አእምሮና ድንጋይ ከአንድ ነገር እንደ ተሠሩ ለማሳየት።

አትማን እውነት ነው፣ ሌላው ሁሉ ሚትያ ነው ይባላል። ሚትያ ማለት ፈጽሞ የሌለ ማለት አይደለም። የአድቫይታ መምህራን ሁልጊዜ የሚጠቅሱት ምሳሌ አለ፦ በምሽት ጭላንጭል መሬት ላይ የተጣለ ገመድ እባብ መስሎ ሰውን ያስደነግጣል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፣ ልብ ይመታል፣ ሰው ይሮጣል። መብራት ሲመጣ እባቡ አልሞተም፣ አልሸሸምም፤ ድሮም ገመድ ነበር። እባቡን በዱላ መምታት እንደማይጠቅም ሁሉ ተሳስቶ የተያዘ ማንነትም በሥራ ብዛት፣ በስግደትም ሆነ በምጽዋት አይወገድም፤ በማወቅ ብቻ ነው። እነዚህ ሥራዎች ልብን ያዘጋጃሉ፣ ዕውቀቱን ግን አይተኩም። የአድቫይታ ጠቅላላ ክርክር የተሰቀለው በዚህ ላይ ነው።

አንዱና ሌላው

የመጽሐፏ አስቸጋሪ ክፍል ይህ ነው። በአለማወቅ የተሸፈነው ግለሰብ ጂቫ ይባላል። በማያ አማካይነት ዓለምን የሚገዛው አምላክ ኢሽቫራ ይባላል። ሁለቱ ይለያያሉ የሚለው እይታ እስካለ ድረስ ሰው ከመወለድና ከመሞት ዑደት አይወጣም ይላል ትምህርቱ።

ተቃውሞው ወዲያው ይነሣል፤ መጽሐፏም ራሷ ታነሣዋለች። ጥቂት የሚያውቅ፣ እኔነት የሞላበት ጂቫ ሁሉን ከሚያውቅ፣ እኔነት ከሌለበት ኢሽቫራ ጋር እንዴት አንድ ይሆናል? መልሱ የቃልን የፊት ለፊት ትርጉምና የታለመውን ትርጉም በመለየት ይሰጣል። ከአካሎቹ ጋር የተቆጠረው ግለሰብ ከዓለም ገዢነቱ ጋር ከተቆጠረው ኢሽቫራ ጋር አንድ ነው ያለ የለም። ሁለቱም የለበሱት ሲቀር የሚተርፈው ንቃተ ማወቅ ግን አንድ ነው። መሠረቱ በቻንዶግያ ኡፓኒሻድ ውስጥ አባት ኡዳላካ ልጁን ሽቬታኬቱን ያስተማረበት ቦታ ነው፤ ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ ኮርቶ ይመለሳል፣ አባቱም ያ ረቂቁ የነገር ሁሉ ሥር እርሱ ራሱ እንደ ሆነ በተለያየ ምሳሌ ደጋግሞ ያስረዳዋል።

እዚህ ላይ ትምህርቱን ከአገር ውስጥ እምነቶች ጋር ማቀላቀል አይበጅም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ትምህርት ሰው በጸጋ ይከብራል እንጂ በባሕርዩ አምላክ አይደለም፤ ፈጣሪና ፍጡር ፈጽሞ አይደባለቁም። የወሎ ሱፊዎች፣ ለምሳሌ የጀማ ንጉሥ ሸኾች በተከተሉት መንገድ፣ ነፍሲያ እስክትጠፋ ዚክር ይደረጋል፤ ይህም ፈና ይባላል። የፈና ገለጻ ከአድቫይታ ጋር የሚመሳሰልበት ጎን አለው፣ ሆኖም ሰው ባሪያ፣ አላህ ጌታ መሆናቸው የእምነቱ መሠረት ነው። አድቫይታ ይህን ልዩነት የመንገዱ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አያደርገውም። አንባቢ ሦስቱም አንድ ናቸው ከሚል ይልቅ ሦስቱ የት እንደሚለያዩ ቢያውቅ የራሱንም እምነት የበለጠ ይረዳል።

ዕውቀቱ እንዴት ይጸናል

ታትቫ ቦዳ የዕለት ልምምድ አትዘረዝርም። የአድቫይታ ትምህርት በጠቅላላው ግን ከብርሃዳራንያካ ኡፓኒሻድ የወሰደው ሦስት ደረጃ አለው፦ ከመምህር መስማት፣ ጥርጣሬ እስኪወገድ ማውጠንጠን፣ ከዚያ የተረዱትን ነገር ልማድ ሆኖ የኖረው የተሳሳተ አሳብ እስኪደክም ድረስ በውስጥ ማኖር። ሰሚው ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሳለ ሦስተኛውን ቢጀምር የሚያኖረው ነገር የለውም። ለዚህም ነው ይህ መንገድ በተመስጦ የማይጀምረው፤ በጥያቄና መልስ ይጀምራል። በተግባር አንድ ክፍል ወስዶ፣ ለምሳሌ ከአምስቱ አፎቶች አንዱን፣ በዕለት ኑሮ ማየት ይቻላል። ሰው «ደክሞኛል» ሲል የደከመው የትኛው አፎት ነው? «ተዋርጃለሁ» ሲልስ? የምግቡ ነው፣ የአሳቡ ነው፣ ወይስ የማስተዋሉ? ጥያቄው ድካሙን አያጠፋም፣ ቦታውን ግን ያሳያል።

«እኔ ተመልካች ብቻ ነኝ» የሚለውን ቃል ለማምለጫ መያዝ የተለመደ ስሕተት ነው። ሐዘን የደረሰበት ሰው አለማልቀሱን፣ ባለ ዕዳ አለመክፈሉን በዚህ ቃል ሊሸፍን ይሞክራል። ግዴታን መፈጸም ከስድስቱ እንደ አንዱ የተቆጠረው እንዲህ ላለው ሰው ጭምር ነው።

በሕይወት ሳለ ነጻ የወጣው

ዕውቀቱ የጸናለት ሰው ጂቫንሙክታ ይባላል፤ በሕይወት ሳለ ነጻ የወጣ። መጽሐፏ መለኪያውን የምታስቀምጠው በተራው ሰው እርግጠኝነት ነው። ተራ ሰው ሥጋ ነኝ፣ ወንድ ነኝ፣ ከዚህኛው ወገን ተወልጃለሁ ብሎ ሳያቅማማ እንደሚያምን ሁሉ፣ ጂቫንሙክታም ከእነዚህ አንዱም እንዳልሆነ፣ ይልቁንም በሁሉ ውስጥ ያለው ንቃተ ማወቅ እንደ ሆነ ሳያቅማማ ያውቃል። የወገን ጉዳይ እዚህ መግባቱ ሊታለፍ አይገባም። በካስት በተከፋፈለ ማኅበረሰብ ውስጥ የተጻፈች መጽሐፍ የላይኛው ካስት ብራህሚንም የታችኛው ሹድራም የአካል ስም እንጂ የአትማን ስም እንዳልሆኑ ትናገራለች። ማኅበረሰቡ ይህን ቃል በኑሮ ላይ ምን ያህል እንዳዋለው ሌላ ታሪክ ነው፤ ሻንካራ ራሱ በብራህማ ሱትራ ትርጓሜው ሹድራ የሂንዱዎችን ቅዱሳት መጻሕፍት፣ ቬዳን፣ እንዳያጠና የሚከለክለውን ደንብ አጽድቋል።

የቀረው የሥራ ውጤት፣ ካርማ፣ ነው፤ ሦስት ዓይነት ይሆናል። የመጀመሪያው ሰውየው ዕውቀት ካገኘ በኋላ በአካሉ የሚሠራው ነው፤ አይጣበቅበትም። ሁለተኛው ከብዙ ልደት የተከማቸው ነው፤ አድራጊው «እኔ» እንዳልነበረ ሲታወቅ ይጠፋል። ሦስተኛው ይህን የአሁኑን አካል ያስገኘውና ፍሬ ማፍራት የጀመረው ነው፤ እርሱ እስኪያልቅ መቀመስ አለበት። ስለዚህ ነጻ የወጣው ሰውም ይታመማል፣ ይራባል፣ ያረጃል። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያዝኑበት ክፍል ይህ ነው፤ ዕውቀቱ ከበሽታ እንዲያድናቸው ጠብቀው ነበርና።

ነጻ የወጣው ሰው ሥራ በእርሱ ላይ ካልተጣበቀ የት ይሄዳል ለሚለው መጽሐፏ እንግዳ መልስ አላት፤ መልካሙ ለሚያከብሩትና ለሚያገለግሉት፣ ክፉው ለሚጠሉትና ለሚያስቸግሩት ይደርሳል። ተማሪን ለመምህሩ የሚያስገዛ አባባል ነውና በጥንቃቄ ቢያነቡት ይሻላል፤ የሚበዘብዙ አስተማሪዎች ይህን የመሰለ ቃል ለራሳቸው ጥቅም ያዞሩታልና። መጨረሻ ላይ ስለ አሟሟት ይነገራል። ሂንዱዎች በካሺ ከተማ፣ በጋንጀስ ዳር፣ መሞትን ታላቅ ዕድል አድርገው ይቆጥሩታል፤ ከካስት ሁሉ በታች በሚቆጠረው ሰው ቤት መሞትን ደግሞ እንደ ርኵሰት ያዩታል። ዕውቀት ያገኘው ሰው ግን በአንደኛውም ይሙት በሌላው፣ ነጻ የወጣው ባወቀባት ቅጽበት ስለሆነ የሚሞትበት ቦታ የሚጨምርለትም የሚቀንስበትም ነገር የለም።